ስለ ሁለቱ የአፍንጫ ሰሞነኞች ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር ከዐይናችን በታች፥ ከአፋችን በላይ ተተክሎ ቀንና ሌሊት ስለሚሠራው ስለ አፍንጫችን ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፥ አፍንጫም እጅግ የቀረበን ስለ ሆነ ሥራውን ሳንመረምር እንኖራለን፤ የምናስታውሰውም ጉንፋን ሲይዘን ብቻ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጌ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝ። ነገር ግን ስለ አፍንጫ ካለማወቅ የተነሣ በልጅነቴ የደረሰብኝን፥ በጎልማሳነቴም በሌላ ልጅ ላይ ሲደርስ ያየሁትን አስቤ፥ ሊቃውንት የጻፉትን በማንበብና ሐኪሞችን በመጠየቅ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር በራሳችሁ ላይ እንድትፈትኑ እለምናችኋለሁ። አፋችሁን ግጠሙ፤ የቀኙን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዝጉና በግራው ተንፍሱ። ቀጥሎም ግራውን ዘግታችሁ በቀኙ ተንፍሱ። ብዙዎቻችሁ አንደኛው ወገን እንደ ልብ ሲያሳልፍ ሁለተኛው ጠበብ ብሎ ታገኙታላችሁ። ይህንን ያገኘ ሰው ታምሜአለሁ ብሎ አይደንግጥ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ መልሶ ቢፈትን፥ የጠበበው ተከፍቶ የተከፈተውም ጠቦ ሊያገኘው ይችላልና። ይህ በጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ ዘወትር የሚደረግ መፈራረቅ ነው።

እኔ ይህን ባለማወቄ ዋጋ ከፍያለሁ። ዕድሜዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሳለ፥ ከቤተ ሰቤ ርቄ በአንድ የቈሎ ትምህርት ቤት ዳዊት እደግም ነበር። ሌሊት በጎጆዬ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ስነቃ የቀኝ አፍንጫዬ ተደፍኖ አገኘሁት። ለሦስትና ለአራት ሌሊት እንዲሁ ስለ ሆነብኝ ፈራሁ። ለአንድ ታላቅ ተማሪ ብነግረው፥ ምች መትቶሃል አለኝና ቅጠል ጨምቆ በአፍንጫዬ አፈሰሰብኝ። እንደ እሳት አቃጠለኝ፤ ደምም ፈሰሰኝ፤ ሳምንት ሙሉ የምበላውን እንኳ ሽታውን መለየት አቃተኝ። ያ ተማሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእርሱም የነገሩት እንዲያ ነበርና በቅንነት አደረገው። ዛሬ ሳስበው ግን፥ ዞሬ በግራ ጎኔ ብተኛ ኖሮ ጥቂት ቈይቶ ያለ መድኃኒት ይከፈትልኝ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት።

አፍንጫ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይምሰል እንጂ ከውስጥ ሁለት ቤት ነው። በመካከሉ፥ የኋላው አጥንት የፊቱ ግን እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ልል አጥንት የሆነ ግድግዳ ቆሞ ቀኙን ከግራው ይለያል። በየቤቱም የጎን ግድግዳ ላይ ሦስት ሦስት የተጠማዘዙ የአጥንት መደርደሪያዎች ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ከሦስቱም ትልቁ የታችኛው ነው። መደርደሪያዎቹን እርጥብ ሥጋ ለብሶአቸዋል። በሥጋው ውስጥ ደም የሚጠራቀምባቸው እጅግ ብዙ የደም ሥሮች አሉ። በእነርሱ ደም በሞላ ጊዜ ሥጋው ውሃ እንደ ጠጣ ሽምብራ ያብጥና መንገዱን ያጠብባል፤ ደሙ በጎደለ ጊዜም ሥጋው ይሟሽሽና መንገዱ ይሰፋል። የአፍንጫ መዘጋትና መከፈት የሚባለው በአብዛኛው ይህ ነው። ብዙ ሰው የተዘጋ አፍንጫ ሁሉ በንፍጥ የተሞላ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ይናፈጣል፥ ይናፈጣል፥ ምንም አይወጣለትም። የሚወጣ ነገር ስለሌለ ነው፤ መንገዱን ያጠበበው ያበጠው ሥጋ ነውና።

ይህ እብጠትና ሙሽሽታ በሁለቱ ወገን ባንድ ጊዜ አይሆንም። ቀኙ ሲያብጥ ግራው ይሟሽሻል፤ ከዚያም ተራቸውን ይለዋወጣሉ። ተራውን የሚያዝዙት ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩት ነርቮች ናቸው፤ ልብንና ሆድን ሳናዝዛቸው እንደሚያሠሩ ሁሉ የአፍንጫንም የደም ሥሮች ያጠብባሉ፥ ያሰፋሉ። የእነዚህም አለቃ ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው ትንሽ ክፍል ነው። አንዱ ተራ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይቈያል፤ ከዚህ ያጠረም የረዘመም አለ። በእንቅልፍ ጊዜ ይረዝማል። ደግሞም እንደ ሰዓት ደወል በሁሉ ሰው ላይ እኩል አይደለም፤ መፈራረቁ ጎልቶ የሚታይባቸው አሉ፥ ሥርዐቱ የማይለይባቸውም ጤነኞች አሉ። በአንዱ የጎደለው በሁለተኛው ስለሚሞላ፥ የምናስገባው አየር በድምሩ ብዙ አይለወጥም። ዕድሜ ልካችንን ሳናውቀው የምንኖረውም ስለዚህ ነው።

ከእናንተ መካከል የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሰሞነኞችን ያስታውሳል። ካህናቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢደክሙ አገልግሎቱ በታጐለ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ወገን በሰሞኑ ሲያገለግል ሁለተኛው ያርፋል፤ ሰሞኑም ሲፈጸም ይለዋወጣሉ። ደጁ ግን አይዘጋም። አፍንጫም እንዲሁ ነው። ያረፈውም ሰሞነኛ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ጥቂት ጥቂት አየር ያሳልፋል።

ስለምን ዕረፍት ያስፈልገዋል ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ሥራው ከባድ ስለ ሆነ ነው እላችኋለሁ። ዐዋቂ ሰው በዕረፍት ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በቀንና በሌሊት ቢቈጠር 20,000 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። በዚህም ከ8,000 ሊትር የሚበልጥ አየር ያስገባል። ይህ አየር ውሃ ቢሆን ኖሮ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 400 በሞላ ነበር። የደጋ ማለዳ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ የበጋ አየር አቧራ፥ የአውድማ አየር ገለባ፥ የጎጆ አየር ጢስ የተሞላ ነው። ሳምባ ግን ሞቃትና እርጥብ፥ ንጹሕም አየር ይፈልጋል። አፍንጫ የገባውን አየር ዐይን ተገልጦ እስኪከደን ባለ ጊዜ ውስጥ ያሞቀዋል፥ ያረጥበዋል፥ ያጣራዋልም። ደሙ ሙቀቱን ይሰጣል፤ እርጥቡ ሽፋን ውሃውን ይሰጣል፤ ንፍጡ አቧራውንና ተሐዋስያኑን ይይዛል። በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮችም በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ጕረሮ ይገፉታል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ጕረሮ ይደርሳል፤ ሳናውቀውም ውጠነው በሆድ ይጠፋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሽፋን ብዙ አየር ሲያልፍበት ይደርቃል፤ ሲደርቅም ጥቃቅኖቹ ፀጉሮች መወዛወዝ ይሳናቸዋል። ተራው ደርሶ ሲጠብብ ግን እርጥበቱን ይመልሳል። በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር የኒው ዚላንድ ሊቃውንት ይህንኑ በስሌት አሳይተዋል፤ አንደኛው ወገን አብዛኛውን አየር ሲያሳልፍ ሲደርቅ፥ ሁለተኛው በዚያው ጊዜ እርጥብነቱን እንደሚጠብቅ። ስለ መፈራረቁ ጥቅም ከሚነገሩት ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው።

ይህን ነገር ያስተዋሉ ሰዎች የትናንትና ብቻ አይደሉም። የሕንድ አገር ባሕታውያን ትንፋሽ ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ እንደሚዛወር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁና በመጻሕፍታቸው ይጽፉ ነበር። በአውሮፓም በ1889 ዝዋርደማከር የተባለ የሆላንድ ሐኪም፥ ሰው በቀዝቃዛ መስተዋት ላይ በአፍንጫው ሲተነፍስ የሚቀረውን ጉም እየለካ የሁለቱን ወገን ልዩነት መመርመርን አስተማረ። በ1895 ደግሞ ሪቻርድ ካይዘር የተባለ የጀርመን ሐኪም መፈራረቁን በልኬት ገልጦ ጻፈው። ዛሬ ሐኪሞች በልዩ ልዩ መሣሪያ ይለኩታል፤ በሰው ብቻ ሳይሆን እንደ ጥንቸል፥ እንደ አሳማና እንደ አይጥ ባሉ እንስሳትም አግኝተውታል።

ዳግመኛም ሁለት የሚያስደንቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስለ አተኛኘት ነው። ሰው በጎኑ ሲተኛ ወደ ታች የሆነው ወገን ይጠብባል፥ ወደ ላይ የሆነው ይከፈታል። ይህንም የሚያደርገው የደሙ መውረድ ብቻ አይደለም፤ ብብትን ወይም ጎንን የሚጫን ነገር ሁሉ በዚያው ወገን ያለውን አፍንጫ ያጠብባል፥ የሌላውን ወገን ይከፍታል። የሕንድ ባሕታውያን ብብታቸውን የሚያስደግፉበት አናቱ አግድም የሆነ በትር ነበራቸው፤ በእርሱም ትንፋሻቸውን ወደ ወደዱት ወገን ያዛውሩ ነበር። እኛም በማሕሌት ሌሊት በመቋሚያ ተደግፈን እንቆማለን። ይህን ካነበብሁ በኋላ መቋሚያዬን በአንድ ብብቴ ሥር ጥቂት ጊዜ አቈይቼ ፈተንሁትና የሌላው ወገን አፍንጫዬ ሲቀለው አገኘሁት። ስንት ዘመን ስደገፈው ኖሬ ልብ አላልሁትም!

ሁለተኛው ስለ ማሽተት ነው። በ1999 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ ሽታ ሁሉ በአፍንጫ ሽፋን ላይ እኩል አያርፍም። ፈጥኖ የሚያርፈው ሽታ አየር በብዛት በሚያልፍበት ወገን በርትቶ ይሸታል፤ ዘግይቶ የሚያርፈው ግን አየር በዝግታ በሚያልፍበት ወገን ይበልጥ ይታወቃል። ስለዚህ የጠበበው አፍንጫ ሥራ የፈታ አይደለም፤ ሰፊው የሚያሳልፈውን እርሱ ይይዛል። ሁለቱ ባንድነት ሲሠሩ ሽታውን አሟልተን እናውቃለን።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ በቃል ብቻ አትንገሩአቸው፤ አሳዩአቸው። ብዙ ወጪ የለበትም። ማለዳ ብርድ ሳለ አንድ ትንሽ መስተዋት ውሰዱ። ልጁ አፉን ገጥሞ፥ መስተዋቱን ከአፍንጫው በታች አጋድሞ በቀስታ ይተንፍስ። በመስተዋቱ ላይ ሁለት የጉም ክበቦች ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜም አንደኛው ከሁለተኛው ይሰፋል። ልጁ የቱ እንደ ሰፋ በደብተሩ ይጻፍ፤ ደወሉ በተደወለ ቍጥር እስከ ማታ እንዲሁ ያድርግ። መስተዋቱ በየልጁ መካከል በንጹሕ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ይወልወል፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ጤናው ሲመለስ ይፈትን። ቀን ሲሞቅ ጉሙ ፈጥኖ ስለሚጠፋ መስተዋቱን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ አድርቁት። ልጆቹ ሮጠው ከመጡ በኋላም አትፈትኑአቸው፤ ሩጫ ሁለቱንም ወገን ይከፍታልና። ከልጆቹ አንዳንዶች በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ያያሉ፤ አንዳንዶች ምንም ለውጥ አያዩም። ሁሉም ያየውን እንጂ መምህሩ ይወዳል ብሎ ያሰበውን እንዳይጽፍ ንገሩት። የምርመራ ትምህርት መጀመሪያው ይህ ነው።

አሁን ግን ወደ ተነሣሁበት ዋና ነገር እመለሳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጽሕፈት ሥራ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። በክፍሉ መጨረሻ፥ በበሩ አጠገብ፥ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ብቻውን ተቀምጦ አየሁ። ስለ ምን ተለየ ብዬ ብጠይቅ፥ ይሸታል፥ ልጆቹ አብረውት መቀመጥ እንቢ አሉ፥ ትምህርትም አይገባውም አሉኝ። በእውነትም ከግራ አፍንጫው ቢጫ ፈሳሽ ይወርድ ነበር፤ ሽታውም ከባድ ነበር። እኔም፥ ይህን ስናገር አፍራለሁ፥ ወንበሬን ራቅ አደረግሁ። ቤተ ሰቦቹ ቡዳ በልቶታል ብለው ብዙ አስጢሰውበታል። ከሁለት ወር በላይ እንዲሁ ኖረ። በኋላ ለክትባት የመጣች የጤና ባለሙያ አየችውና፥ ፈሳሹ ከሁለቱ ነው ወይስ ካንዱ ብላ ጠየቀች። ከግራው ብቻ ነው አሏት። ያን ጊዜ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ አለች። በጤና ጣቢያውም ከግራ አፍንጫው ውስጥ አብጦ የበሰበሰ ሽምብራ አወጡለት። ልጁ ሲጫወት ከትቶት ኖሮ ቅጣት ፈርቶ ዝም ብሎ ነበር። በሳምንቱ ሽታው ጠፋ፤ ልጁም ወደ ፊት ወንበር ተመለሰ። ያለፈበትን የሁለት ወር ትምህርት ግን ማንም አልመለሰለትም።

እኔ ልጅ ሳለሁ የሚፈራረቅ አፍንጫዬን በሽታ ነው ብለው አከሙኝ፤ የዚህን ልጅ የማይፈራረቅ አፍንጫ ግን ንቀው ተዉት። ሁለቱም የሆነው ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ንግግሬ አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፤ የሚፈራረቅ ጤና ነው፤ የማይፈራረቅ ግን ይመርመር።

እንግዲህ ወደ ሐኪም መላክ የሚገባው ይህ ነው።

አንደኛ፥ ካንድ ወገን ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ደም የሚወርድለት ልጅ። ፍሬ፥ ወረቀት ወይም ቍልፍ ከትቶ ሊሆን ይችላል። በእንጨትና በመርፌ እቤት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋልና። የገባው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ስለሚያቃጥል፥ ያለ አንዳች መዘግየት በዚያው ቀን ይሂድ።

ሁለተኛ፥ ጉንፋን ሳይኖርበት ዘወትር በአፉ የሚተነፍስ፥ ሌሊትም የሚያንኰራፋ ልጅ። ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው አዴኖይድ የተባለው ሥጋ አድጎበት ሊሆን ይችላል። ይህም ወደ ጆሮ የሚወስደውን መንገድ ስለሚዘጋ መስማትን ይቀንሳል፤ እንቅልፍንም ያውካል። እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ሲያንቀላፋ፥ ሲጠሩትም ሳይመልስ ቢቀር፥ ሰነፍ ነው ተብሎ ይገረፋል። መምህር ሆይ፤ አፉን ከፍቶ የሚቀመጠውን ልጅ ደነዝ ከማለትህ በፊት ይሰማህ እንደ ሆነ መርምር።

ሦስተኛ፥ ዘወትር አንድ ወገኑ ብቻ የሚዘጋበት ሰው። የመካከለኛው ግድግዳ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ወይም ሌላ ነገር በቅሎበት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ሽማግሎች ሆይ፤ በመንደራችሁ ቃላችሁ ይሰማልና እናንተም ይህን ምከሩ። በአፍንጫ ውስጥ የቅጠል ጭማቂ አይፍሰስ፤ ሽፋኑን ያቈስላልና። በሕፃን አፍንጫ ቅቤ ወይም ዘይት አይንጠብጠብ፤ ወደ ሳምባ ወርዶ ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አራስ ሕፃን በአፍንጫው ሊተነፍስ የተገባ ነው፤ ጡት ሲጠባ አፉ ስለሚያዝ፥ አፍንጫው የተዘጋበት ሕፃን መጥባት ይሳነዋል። ስለዚህ የማይጠባ ወይም እየተጨነቀ የሚተነፍስ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውም አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ3 ወይም ከ5 ቀን በላይ አይደረግ። የደም ሥሮቹ ይለምዱትና ጠብታው ሲቀር ከፊተኛው ይልቅ ያብጣሉ፤ ሰውዬውም እንደ ገና ይጨምራል፤ እንዲህም እያለ የጠብታ ባሪያ ሆኖ ይቀራል።

ጉንፋን በያዘን ጊዜ ሁለቱም ወገን ስለሚያብጥ መፈራረቁ ከወትሮው ይልቅ ይታወቀናል፤ በአንድ ጎን ስንተኛ ይደፈናል፥ ስንዞር ይለቃል። ይህ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን የሚያልፍ ነው። ዞሮ መተኛት፥ ራስን ከፍ ማድረግ፥ ትኩስ መጠጣት፥ ከጢስም መራቅ ይበጃል።

ክቡራን ሆይ፤ እነሆ፥ ስናገር በቈየሁበት ጊዜ የአንዳንዶቻችሁ ሰሞነኛ ተራውን ለውጦ ይሆናል። መጀመሪያ እንዳደረጋችሁት አንዱን፥ ቀጥሎም ሁለተኛውን ዘግታችሁ ፈትኑት። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡም የልጆቻችሁን ትንፋሽ ተኝተው ሳሉ ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡ። አፉን ገጥሞ በዝግታ የሚተነፍሰውን በሰላም ተዉት፤ አፉን ከፍቶ የሚታገለውን ግን ልብ በሉት። ነገ ማለዳም ከክፍሉ መጨረሻ፥ በበሩ አጠገብ፥ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ካለ፥ ከሁለቱ ነው ወይስ ካንዱ ብላችሁ ጠይቁ።